በስርቆት የተጠረጠረ ሸማች ቸኩሎ ቦርሳውን አይዘርግፍ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በመደብር መውጫ ላይ የማስጠንቀቂያ ደወል ሲጮኽ፣ ዕቃውን በገንዘቡ የገዛ ሰው እንኳ ደንግጦ ማንም ሳይጠይቀው ቦርሳውን ሲዘረግፍ ይታያል። ሰልፍ የያዘው ሁሉ ዞሮ ያየዋል፤ ጥበቃው ዕቃውን አንድ በአንድ እያነሣ ያገላብጣል፤ ምንም ሳይገኝበት ሲቀር ደግሞ «በቃ ሂድ» ይባላል። ነገሩ በዚህ መዘጋቱ ተገቢ አይመስለኝም።

ደወሉ ራሱ የሚያስረዳው ከምናስበው ያነሰ ነው። በዕቃው ላይ የተለጠፈው፣ ደወሉን የሚያስጮኸው መለያ ሒሳብ ሲከፈል መነቀል ወይም መክሸፍ ይኖርበታል። በሰልፍ ብዛት የተጣደፈ ገንዘብ ተቀባይ ይህን ቢዘነጋ፣ ወይም ከሌላ መደብር በተገዛ ልብስ ስፌት ውስጥ ያልከሸፈ መለያ ቢቀር፣ በሩ ያው ይጮኻል። የረቀቀው መሣሪያም ቢሆን ከስሕተት አይድንም፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን፣ ራይት ኤይድ የተባለው የመድኃኒት መደብር ድርጅት ፊት የሚለይ ቴክኖሎጂን ለ5 ዓመታት ለክትትል እንዳይጠቀም ያደረገው፣ መሣሪያው ምንም ያላጠፉ ሸማቾችን በሌብነት እያስጠረጠረ ለውርደት ዳርጓል በማለት ነበር።

እንግዲህ ንጹሕ ሸማች ሲጠረጠር ሊሮጥም ሊገፈትርም አይገባውም፤ ባለበት ቆሞ፣ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ፣ «የትኛውን ዕቃ ወሰድህ ነው የምትሉኝ? ሲወስድ ያየኝስ ማን ነው?» ብሎ ይጠይቅ። ደረሰኝ ማሳየት ነውር የለውም፤ ብዙውን ጊዜም ጉዳዩን እዚያው ይዘጋዋል። ቦርሳንና ኪስን መፈተሽ ግን ሌላ ነገር ነው። ሕጉ ከአገር አገር ቢለያይም፣ የመደብር ጥበቃ ፖሊስ አይደለም፤ በብዙ አገሮች ያለው ሥልጣንም እጅ ከፍንጅ የተያዘን ሰው ፖሊስ እስኪመጣ ከማቆየት እምብዛም አያልፍም። ስለዚህ ሸማቹ «ፖሊስ ይጠራልኝ፤ የምፈተሸውም እሱ ባለበት ነው» ቢል መብቱን ጠየቀ እንጂ ጥፋቱን አልሸሸገም። ወደ ጓዳ ክፍል ብቻውን ከመግባትም ሰው በሚያየው ቦታ መቆየቱ ይሻለዋል።

ከሁሉ በላይ ሊጠነቀቅ የሚገባው፣ ከእፍረት ቶሎ ለመገላገል ሲል ያልወሰደውን ዕቃ ዋጋ እንዳይከፍል ወይም ያላነበበውን ወረቀት እንዳይፈርም ነው። ያን ዕለት «ይለፍ» ተብሎ የተከፈለ ገንዘብ በማግሥቱ እንደ እምነት ቃል ሊቆጠር ይችላል። በጥበቃው ላይ መጮኽም አይጠቅምም፤ እሱ ታዞ የሚሠራ፣ ዕቃ ቢጠፋ ምናልባት ከደመወዙ የሚቆረጥበት ሰው ነው። መጠየቅ ያለበት ሥራ አስኪያጁ ነው።

ንጽሕናው ከተረጋገጠ በኋላ ደግሞ ይቅርታው በተወነጀለበት ቦታና በተወነጀለበት ድምፅ ይነገረው። በሰው ፊት ሌባ የተባለን ሰው በቢሮ ውስጥ በሹክሹክታ ይቅርታ መጠየቅ ስሙን አይመልስለትም። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣው ሁለንተናዊ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ በአንቀጽ 12 የሰው ክብርና መልካም ስም ከጥቃት የሕግ ጥበቃ እንዲኖረው የደነገገው ያለ ምክንያት አይደለም። ይቅርታው ከተነፈገው ሰዓቱን፣ የሠራተኞቹን ስምና የእማኞችን አድራሻ ይዞ በዚያው ዕለት በጽሑፍ ያመልክት፤ የካሜራው ምስል እንዲቀመጥለትም ይጠይቅ፤ ቅጂው ብዙ ሳይቆይ በሌላ ቅጂ ተተክቶ ይጠፋልና።

ስርቆት ነጋዴውን እንደሚጎዳ፣ ኪሳራውም ዞሮ በሐቀኛው ገዢ ላይ እንደሚወድቅ አውቃለሁ። ሆኖም ባለ መደብሮች ሠራተኞቻቸው የሰው ቦርሳ ከመያዛቸው በፊት «ይቅርታ፣ ደረሰኝዎን ላየው?» እንዲሉና መለያው ከሽፎ እንደሆነ መጀመሪያ ገንዘብ ተቀባዩን እንዲጠይቁ ቢያሠለጥኗቸው፣ ይህን ለማድረግ ተጨማሪ መሣሪያም ሆነ ተጨማሪ ሰው አያስፈልጋቸውም።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ አንባቢ