የሌዘር ኬሚስትሪና የእናቴ ዓይን

ክቡር አዘጋጅ፦

በግብፅ የተወለደው ኬሚስት አህመድ ዘዌይል እ.ኤ.አ. በ1999 የኖቤል ሽልማት የተቀበለው፣ በፌምቶ ሰከንድ (የሰከንድ ቢሊዮንኛ አንድ ሚሊዮንኛ) የሌዘር ብልጭታ አማካይነት አተሞች በኬሚካዊ ለውጥ ወቅት ሲንቀሳቀሱ መከታተል እንደሚቻል በማሳየቱ ነው፤ እንዲህ ያለው አጭር ብልጭታ ዛሬ ዙሪያውን ሳያቃጥል የዓይንን የፊት ሽፋን ለመቁረጥ ያገለግላል።

ይህን የምጽፈው ስኳር በሽታ ዓይናቸውን የጎዳባቸው እናቴ ከድሬዳዋው የከዚራ ሰፈር ተነሥተው ለሌዘር ሕክምና አዲስ አበባ ድረስ በመሄዳቸው ነው (የእርሳቸው ሌዘር ሌላ ዓይነት መሆኑን አውቃለሁ)። በዋዜማው ምሽት ረከቦቱ ላይ ያለውን ሲኒያቸውን በጣታቸው እየዳሰሱ ሲፈልጉ አይቻለሁ።

የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስና የኬሚስትሪ መምህራን፣ ሐረር ከሚገኘው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤና ኮሌጅ ሐኪሞች ጋር ተቀናጅተው በሌዘር ላይ እንዲመራመሩ፣ ቢያንስ መሣሪያውን የሚጠግኑ ባለሙያዎችን እንዲያሠለጥኑ አጥብቄ እጠይቃለሁ።

አንድ አንባቢ፣ ከድሬዳዋ