የሚስቀው ተመልካች በትኩረት የሚያየው ነው

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በአስተያየት ገጻችሁ ላይ የወጣውን፣ የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ እያዩ በስሕተቱ የሚሳለቁ ሰዎችን የሚነቅፈውን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው እንደሚሉት ድራማ ፈጠራ ነው፤ «ይህ እንዴት ይሆናል?» እያሉ መቀለድ የባለሙያዎችን ድካም ማቃለል ነው፤ ያልወደደው ቴሌቪዥኑን ይዝጋ። እኔ ተከታታይ ድራማ የምወድ ሰው ነኝ፤ በሙያዬ ደግሞ የጽኑ ሕሙማን ክፍል ነርስ ነኝ። በሁለቱም በኩል ቆሜ ለሚስቀው ተመልካች ልከራከርለት እፈልጋለሁ።

በመጀመሪያ ሰዎች የሚስቁት በምን እንደሆነ በቅጡ እንመልከት። ሴትየዋ ሌሊቱን ስታለቅስ አድራ ጎህ ሲቀድ ስትነሣ የዓይኗ ኩል አልተነካም፤ ጸጉሯም እንደተበጠረ ነው። ባለጸጋው ስልክ አንሥቶ «እመጣለሁ» ይልና ይዘጋዋል፤ የት፣ መቼ፣ ከማን ጋር ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ «ደህና ሁን» የሚባባልም የለም። ምሥጢር የሚነገረው ሁልጊዜ በሩ ገርበብ ብሎ፣ ድምፅ ከፍ ተደርጎ፣ ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው ከበሩ ጀርባ በቆመበት ቅጽበት ነው። የትልቅ ኩባንያ ባለቤቶች ዓመቱን ሙሉ ከወረቀት መፈረም በቀር ሥራ ሲሠሩ አይታዩም። በድራማው ውስጥ ቴሌቪዥን ሲከፈት ዜና አንባቢው ስለዚያው ቤተሰብ የሚነገረውን ዜና ልክ ሊጀምር ሲል ይደረስበታል፤ ዜናው እንዳበቃም ይዘጋል። ትንሹ ልጅ «ሂድና ተኛ» ተብሎ ወደ ፎቅ ይወጣል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ሲወርድ ጺም አብቅሎ ስለ ጋብቻ እያወራ ነው።

ከሁሉም በላይ ኩባያው አለ። ተዋናዩ ከጠረጴዛው ላይ ሲያነሣው ምንም ክብደት እንደሌለው ከእጁ ያስታውቃል፤ እያወራ ያወዛውዘዋል፣ አንዴ ወደ ከንፈሩ ያስጠጋዋል፣ ጉሮሮው ግን አይንቀሳቀስም። ትኩስ ሻይ የያዘ ሰው እንዲህ አያደርግም። ይህን ለማወቅ የፊልም ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም፤ ሻይ ጠጥቶ የሚያውቅ ሰው ሁሉ የዚያ ትዕይንት ዳኛ ነው። ጸሐፊው የሳቱት ይህን ይመስለኛል። ተከታታይ ድራማ የሚያሳየው የጠፈር ጉዞ አይደለም፤ ቤትን፣ ትዳርን፣ ሕመምን፣ ውርስን፣ ቅናትን ነው። ተመልካቹ ከደራሲው እኩል፣ አንዳንዴም አብልጦ የሚያውቀውን ኑሮ መልሰው እያሳዩት ዝም በል ሊሉት አይገባም። ጠበቃው በፍርድ ቤቱ ትዕይንት ይስቃል፣ አራስ ያሳደገችው በሕፃኑ ትስቃለች፣ እኔና የሥራ ባልደረቦቼ በሆስፒታሉ እንስቃለን። ሁሉም የሚስቀው ከሚያውቀው ተነሥቶ ነው።

ሁሉም ሳቅ ፍትሐዊ ነው አልልም። የዕለታዊ ድራማ ሥራ ከባድ ነው። ፊልም የሚሠሩ ሰዎች በቀን የጥቂት ደቂቃ ምስል ቀርጸው ሲወጡ፣ የዕለታዊ ድራማ ቡድን በአንድ ቀን አንድ ሙሉ ክፍል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቀርጻል። ብዙ ካሜራዎች በአንድ ጊዜ ስለሚቀርጹ መብራቱ ለየአቅጣጫው እንዲያገለግል ተደርጎ ይተከላል፤ እኩለ ሌሊት ነው የተባለው መኝታ ክፍል እንደ ቀትር የሚያበራው በዚህ ምክንያት ነው። አሁን ተወለደ የተባለው ሕፃን የሦስት ወር ልጅ መምሰሉም ያለ ምክንያት አይደለም። ለምሳሌ በካሊፎርኒያ ሕግ 15 ቀን ያልሞላው ሕፃን ለቀረጻ አይቀርብም፤ ከዚያ እስከ ስድስት ወር ዕድሜ ያለውም በቀን ከ20 ደቂቃ በላይ ማሠራት አይፈቀድም። ሕጉ መኖሩ ደስ ይለኛል፤ በወፍራሙ አራስ የሚስቅ ሰው ሳገኝም ይህንኑ እነግረዋለሁ። ኩባያውም ባዶ የሚሆነው ፈሳሽ ልብስ ላይ ስለሚደፋ፣ ድምፁ ማይክሮፎን ውስጥ ስለሚገባ፣ ትዕይንቱ በተደጋገመ ቁጥርም መጠኑ እየተለዋወጠ ቅንብሩን ስለሚያበላሽ ነው።

ነገር ግን ባዶ ኩባያ ውስጥ ክብደት ያለው ነገር ማስቀመጥ ምን ያህል ወጪ ይጠይቃል? ስልክ ከመዝጋት በፊት መሰነባበትስ ስንት ሰከንድ ይፈጃል? እኔ እንደማየው ተመልካች እጥረትን ይቅር ይላል፤ ግድ የለሽነትን ግን አይምርም። በር ሲዘጋ የስቱዲዮው ግድግዳ ሲነቃነቅ አይቶ ያልፋል። እናት የልጇን ሞት በሰማችበት ትንፋሽ ስለ ኑዛዜው ስትጠይቅ ሲያይ ግን ይስቃል፤ መሳቁም ልክ ነው።

ትልልቁን ውሸት ደግሞ ወድዶና ፈቅዶ ይቀበላል። ያልታወቀ መንታ ወንድም ከየትም ይምጣ፣ የተቀበረው በሕይወት ይገኝ፣ ሚስት ባሏን ትርሳ፤ ድራማውን ስንጀምር በዚህ ተስማምተን ነው። ስምምነቱ የሚፈርሰው ድራማው ራሱ የተናገረውን ሲክድ ነው። ዳላስ የተባለው የአሜሪካ ድራማ እ.ኤ.አ. በ1985 ቦቢ ዩዊንግ የተባለውን ገጸ ባሕርይ ገደለው። ተዋናዩ ለመመለስ ሲስማማ፣ በ1986 የዓመቱ መዝጊያ ክፍል ላይ ቦቢ ገላውን ሲታጠብ ታየ፤ ከወራት በኋላም በመካከል የተላለፈው የአንድ ዓመት ታሪክ በሙሉ የቦቢ የቀድሞ ሚስት ፓም ያየችው ሕልም ነው ተባለ። ሰው እስከ ዛሬ የሚቀልደው ሙት ስለተነሣ አይደለም። ያዘነበትና የተጨነቀበት ታሪክ በአንድ ጊዜ ስለተሰረዘበት ነው። ከዳላስ የተወለደው ኖትስ ላንዲንግ የተባለው ድራማ ደግሞ ሕልሙን አልተቀበለም፤ እዚያ ቦቢ እንደሞተ ቀረ። ተመልካቾች ይህንን ልብ ብለው ዛሬም ያነሡታል። አንድን ሥራ የናቀ ሰው በሁለት ድራማዎች መካከል ያለውን ተቃርኖ ለመመርመር አይደክምም።

እንዲህ ያለው ምርመራ ወደ ሕክምና መጽሔትም ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ1997 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣ ጥናት በብሪታንያ ተከታታይ ድራማዎች ውስጥ ያሉትን ገጸ ባሕርያት አሟሟት አስልቶ፣ የእነርሱ ኑሮ ከፈንጂ አምካኞችና ከመኪና ተሽቀዳዳሚዎች ሥራ ይበልጥ ለሞት እንደሚያጋልጥ አሳይቷል። እኔን በሙያዬ የሚነካኝ ግን በዚያው መጽሔት በ2005 የወጣው ሌላ ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ ከ1995 እስከ 2005 ድረስ በቀን በሚተላለፉ ዘጠኝ የአሜሪካ ድራማዎች ውስጥ ኮማ ውስጥ የገቡ 64 ገጸ ባሕርያትን መዘገቡ። ከእነርሱ 57ቱ ሙሉ በሙሉ ዳኑ፤ የሞቱት አምስት ብቻ ናቸው። በአደጋ ሳቢያ ኮማ ውስጥ ከገቡት በድራማ የሞቱት 6 በመቶ ሲሆኑ፣ ከእውነተኛ ሕሙማን መረጃ የሚጠበቀው 67 በመቶ ነበር። ከዳኑት 57ቱ መካከል 49ኙ ደግሞ በነቁበት በዚያው ዕለት ምንም ዓይነት ጉድለት አልታየባቸውም።

እኔ አልጋው አጠገብ ቆሜ የማየው ሌላ ነው። በከባድ ኮማ ውስጥ ያለ ሕመምተኛ አብዛኛውን ጊዜ የሚተነፍሰው በአፉ በገባ ቱቦ ነው፤ የሚመገበውም በሌላ ቱቦ ነው። ገላው እንዳይቆስል በየጥቂት ሰዓቱ እናገላብጠዋለን። ጡንቻው በቀናት ውስጥ መመንመን ይጀምራል። የሚነቃ ከሆነም በአንድ ጊዜ አይነቃም። ዓይኑ ይከፈታል፣ ሰው ግን አይለይም፤ ከቀናት በኋላ «እጄን ጭመቅ» ሲባል ይጨምቅ ይሆናል፤ ቱቦው ጉሮሮው ውስጥ እያለ መናገር አይችልም፣ ከወጣለት በኋላም ድምፁ የሻከረ ነው፤ መቀመጥን፣ መዋጥን፣ መራመድን እንደገና ይለማመዳል። የድራማዋ ሕመምተኛ ግን ከንፈሯን ተቀብታ፣ አፍንጫዋ ላይ ቀጭን የኦክስጅን ቱቦ ብቻ አድርጋ ትተኛለች፤ ፍቅረኛዋ እጇን ሲይዛት ዓይኗን ትገልጥና ስሙን ትጠራለች፤ በሚቀጥለው ክፍል የሠርግ ልብስ ትለካለች። የልብ ምት መከታተያው ላይ ቀጥ ያለ መስመር ሲታይ ሐኪሙ ሮጦ በኤሌክትሪክ የሚነዝርበት ትዕይንትም አለ። መስመሩ ቀጥ ካለ ግን ንዝረቱ አይረዳም፤ የሚሠራው ደረትን መጫንና መድኃኒት መስጠት ነው። በኤሌክትሪክ የሚነዘረው ሥርዓት አጥቶ የሚርገበገብ ልብ ነው።

ይህን የማነሣው ዕውቀቴን ለማሳየት አይደለም። የሕመምተኛ ቤተሰብ ከበሩ ሲገባ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ጥያቄ «መቼ ነው የሚነቃው?» የሚል ነው፤ «ይነቃል ወይ?» ብሎ የሚጀምር ጥቂት ነው። ከዚያ አልጋው ዳር ተቀምጠው በስሙ ይጠሩታል፣ እጁን ይይዙታል። ይህን ማድረጋቸው መልካም ነው፤ እኔም አናግሩት እላቸዋለሁ። የሚያሳዝነኝ ምላሽ ሲያጡ የሚሆኑት ነው። ራሳቸውን የሚወቅሱ አጋጥመውኛል፤ በትክክለኛው ድምፅ ያልጠሩት፣ በቂ ፍቅር ያልሰጡት ይመስላቸዋል። የአንድ ሰው አንጎል የደረሰበት ጉዳት በእናቱ ፍቅር መጠን እንደማይለካ ማስረዳት ከሥራዬ ሁሉ ከባዱ ነው። ያን ትዕይንት እያየ «እንዲህማ አይሆንም» ብሎ የሳቀ ሰው ከዚህ ወቀሳ በጥቂቱም ቢሆን ይድናል። ሳቁን የሚነቅፉት ጸሐፊ ይህንን ቢያስቡበት እወዳለሁ።

«ድራማ ብቻ ነው፣ ማን ያምነዋል?» የሚለው መከራከሪያም ውኃ አይቋጥርም። በብራዚል ተከታታይ ድራማ የሚያሳየው የግሎቦ ቴሌቪዥን ሥርጭት በደረሰባቸው አካባቢዎች የሚወለዱት ልጆች ቁጥር መቀነሱን፣ ወላጆችም ለልጆቻቸው የድራማውን ገጸ ባሕርያት ስም ማውጣታቸውን እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የምጣኔ ሀብት ጥናት አሳይቷል። በድራማዎቹ ውስጥ የሚታዩት ቤተሰቦች ልጆቻቸው ጥቂት ነበሩ። የሰዎችን የልጅ ቁጥር የሚለውጥ ጥበብ ስለ ሕመምና ስለ ሞት የሚያሳየው ምንም ለውጥ አያመጣም ብዬ አላምንም።

ከጸሐፊው ጋር የምስማማበት ነገር አለ። በተዋናይ መልክ፣ ዕድሜ ወይም ሰውነት ላይ መቀለድ ነውር ነው፤ ክፉ ሰው ሆና የተጫወተችን ሴት መንገድ ላይ መሳደብም እንዲሁ። ይህ ግን ስሕተትን ከመንቀስ ጋር አይገናኝም፤ አንድ ላይ መታጨቁ ትክክል አይደለም።

ለእናንተም አንድ ጥያቄ አለኝ። የመዝናኛ ገጻችሁ የድራማዎችን ታሪክ በአጭሩ ይተርካል፣ የተዋንያንን የግል ሕይወት ያወራል፤ ስለ ሥራው ጥራት ግን እምብዛም አይናገርም። ለባለሙያዎች ትንሽ ቦታ ስጡ። ጠበቃ ስለ ፍርድ ቤቱ ትዕይንት፣ አዋላጅ ስለ ወሊዱ፣ የባንክ ሠራተኛ ስለ ጠፋው ሚሊዮን ይጻፍ፤ የተሳሳተውን ብቻ ሳይሆን በደንብ የተሠራውንም ይንገረን። በደንብ የተሠራ ትዕይንት አይቼ ያደነቅሁባቸው ጊዜያት ብዙ ናቸው፤ ማድነቄን የምናገርበት ቦታ ግን አላገኘሁም።

ለደራሲዎችም የምለው አለኝ። በሚቀጥለው ጊዜ ገጸ ባሕርይው ከኮማ ሲነቃ ቢያንስ ለጥቂት ክፍሎች መናገር አይቻል። ማን ገፍቶ ለዚህ እንዳበቃው ያውቃል፤ የገፋው ሰው በየቀኑ አበባ ይዞ ይጠይቀዋል፤ እርሱ ግን ቱቦ ጉሮሮው ውስጥ ስላለ ማየት እንጂ ቃል ማውጣት አይችልም። ሚስቱ ፍርሃቱን አይታ ሕመም ነው ብላ ታስባለች። ነርሷ ከፊደል ሰሌዳ ላይ በጣቱ አንድ ፊደል እንዲያሳያት ትሞክራለች፤ እጁ ይዝላል፤ በሩም ይንኳኳል። ይህ ከእውነተኛው ክፍል ብዙም አይርቅም። እኔ እንዲህ ያለውን ክፍል ሳልስቅ፣ እስከ መጨረሻው እመለከተዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጽኑ ሕሙማን ክፍል ነርስና የተከታታይ ድራማ ተመልካች