የዘረመል ክበብ ዓመት፦ የፈረስ ወስፋትና ተማሪዎቻችን

በፈረስ ፋንድያ ውስጥ የትል እንቁላል የሚቆጥረውን የትምህርት ቤታችንን የዘረመል ክበብ ብዙ ሰው የሚያውቀው «የትል ክበብ» በሚል ስም ነው። በስሙ አልከፋንም። ግን አንድ ጥያቄ ዓመቱን ሙሉ ሲከተለን ከርሟል፤ በመምህራን ማረፊያም፣ በወላጆች ስብሰባም። «ለመሆኑ ፋንድያ ማገላበጥ ለተማሪ ምን ይፈይዳል?» ዘገባዬን ከዚሁ ልጀምር።

የፈረስ ወስፋት የዘረመል ሳይንስ ባለውለታ ነው። በ1883 እ.ኤ.አ. ቤልጂየማዊው ኤድዋርድ ቫን ቤነደን የዚህን ትል እንቁላል በማይክሮስኮፕ ሲያጠና፣ ከእናትና ከአባት የሚመጡት ክሮሞዞሞች (ዘረመልን የሚሸከሙት የሕዋስ ክሮች) ቁጥራቸው እኩል መሆኑን አየ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጀርመናዊው ቴዎዶር ቦቬሪ በዚያው ትል ላይ ሠራ። ሕዋስ በተከፈለ ቁጥር ክሮሞዞሞች ማንነታቸውን ጠብቀው እንደሚቀጥሉም አሳየ። ይህን ትል የመረጡት ክሮሞዞሞቹ ትልልቅና በጣም ጥቂት ስለሆኑ ነው። የሰው ሕዋስ 46 ክሮሞዞም አለው። ፓራስካሪስ ዩኒቫለንስ የሚባለው የፈረስ ወስፋት ግን በዘር ሕዋሶቹ መነሻ ላይ ያለው 2 ብቻ ነው። ዘመዱ ፓራስካሪስ ኢኩዎረም ደግሞ 4 አለው። ሁለቱን ትሎች በዓይን መለየት አይቻልም፤ ክሮሞዞም መቁጠር ያስፈልጋል። ተማሪዎቻችን በመጽሐፋቸው ላይ የሚያዩት የሕዋስ ክፍፍል ትምህርት ሥሩ እዚህ ነው። ፋንድያ የሚፈይደው ይህን ነው።

የወላጆችን ሌላ ስጋትም ልመልስ። እነዚህ ትሎች የፈረስ፣ የአህያና የመሰሎቻቸው ናቸው። ሰው አንጀት ውስጥ አይራቡም። ይሁንና ፋንድያ ሌላም ጀርም ስለሚይዝ፣ ያለ ጓንት የሚነካ የለም፤ ሳሙናም ከበሩ አጠገብ አለ።

መደበኛ ስብሰባዎቻችንን አልዘረዝርም። ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ተገናኝተናል፣ ሊቀመንበርና ጸሐፊ ተመርጠዋል፣ ቃለ ጉባኤው በፋይል ተቀምጧል። በሳይንስ ሳምንትም ፖስተር አቅርበናል።

ዋናው ሥራችን ቆጠራ ነበር። 4 ግራም ፋንድያ በ56 ሚሊ ሊትር ጨው በጠገበ ውሃ ይበጠበጥና ይጠለላል። ከዚያ ማክማስተር በሚባለው ባለመስመር መስታወት ውስጥ ይገባል። እንቁላሉ ከጨው ውሃው ስለሚቀል ይንሳፈፋል፤ ቆሻሻው ታች ይቀራል። በሁለቱ ክፍሎች መስመር ውስጥ የተቆጠረው በ50 ሲባዛ፣ በአንድ ግራም ፋንድያ ውስጥ ያለው የእንቁላል ብዛት ይታወቃል። መጀመሪያ ላይ የአየር አረፋ እንደ እንቁላል ሲቆጠር ነበር። አሁን ልጆቹ እርስ በርስ ይተራረማሉ።

የወስፋቱ እንቁላል ክብ፣ ቡናማና ባለወፍራም ቅርፊት ነው። አንዴ ያየው አይሳሳትም። የሚያስቸግሩት ስትሮንጋይል የሚባሉት ሌሎች የፈረስ አንጀት ትሎች ናቸው። ትንንሾቹ ስትሮንጋይሎች ብቻ ወደ 50 የሚጠጉ ዝርያዎች አሏቸው፤ እንቁላላቸው ሁሉም ሞላላ፣ ሁሉም ስስ ቅርፊት ነው። ከትልልቆቹ አንዱ የሆነው ስትሮንጋይለስ ቩልጋሪስም እንቁላሉ እንደነሱ ነው። የእሱ እጭ ግን ወደ አንጀት ደም የሚወስደውን ቧንቧ እየጎዳ ደም ያረጋል፣ ፈረስ እስከ መግደል ይደርሳል። ማይክሮስኮፕ ይህን ልዩነት አይነግረንም። የሚነግረን ዲኤንኤ ነው። አይቲኤስ-2 የሚባለው የዲኤንኤ ክፍል ከዝርያ ዝርያ ይለያያል። ተመራማሪዎች እሱን አንብበው ከአንድ ናሙና ውስጥ የትኞቹ ትሎች እንዳሉ ያውቃሉ።

አሁን ወደ ጉብኝታችን ልምጣ። ስለዚህ ቀን ለማውራት ቦታ አልቆጥብም።

ወደ ፈረስ እርባታው የሄድነው የእንስሳት ሐኪሙ ለአንዲት ውርንጭላ የትል መድኃኒት በሰጠ ማግስት ነው። ጋጣው ውስጥ ፋንድያው ላይ ወስፋቶቹ ተጋድመው ነበር። ነጣ ያሉ፣ ድርቅ ያሉ፣ እንደ እርሳስ የወፈሩ። አብዛኞቹ ተማሪዎች አፍንጫቸውን ይዘው ወደ ኋላ አሉ። አንዲት የ9ኛ ክፍል ልጅ ግን ቁጢጥ አለች። ክፍል ውስጥ ካልተጠየቀች የማትናገር ልጅ ናት። በመቆንጠጫ አንዱን አንስታ ከማስመሪያዋ ጎን አጋደመችው። ጫፉ ከማስመሪያው አለፈ። ሐኪሙ ሴቷ እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ልትደርስ እንደምትችል ነገራት። መድኃኒቱን ለምን በጥንቃቄ እንደሚመርጥም አስረዳን፤ ብዙ ትል በአንድ ጊዜ ሽባ ከሆነ ተጠቅልሎ የውርንጭላዋን አንጀት ሊዘጋ ይችላል።

ልጅቷ ቀና አለች። «ዶክተር፣ መድኃኒቱ ያልገደላቸው ካሉስ? እንቁላል መጣላቸውን ይቀጥላሉ?»

«ይቀጥላሉ።»

«እንግዲያው የሚፈለፈሉትም መድኃኒት የማይገድላቸው ይሆናሉ ማለት ነዋ!»

ሐኪሙ ወደ እኔ ዞሮ ስንተኛ ክፍል እንደሆነች ጠየቀኝ። የተፈጥሮ ምርጫን ገና አልተማረችም። እዚያው ቁጢጥ ብላ፣ ከፋንድያው ላይ ራሷ ደረሰችበት። በማስተማር ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር በየቀኑ አይገጥምም።

ሐኪሙ ከዚያ በኋላ የነገረን ሁሉ የእሷን ጥያቄ ተከትሎ የመጣ ነው። አይቨርሜክቲን የሚባለውን የትል መድኃኒት የተላመደ ወስፋት በ2002 እ.ኤ.አ. ከኔዘርላንድስ ሪፖርት መደረጉን ነገረን። ከአዋቂ ፈረሶች መካከል ወደ 20 በመቶ የሚሆኑት ብቻ 80 በመቶውን እንቁላል ስለሚጥሉ፣ መድኃኒት በጅምላ መስጠት እንደማያዋጣም ገለጸልን። አስቀድሞ መቁጠር፣ ብዙ ለሚጥሉት መስጠት። ባልታከሙት ፈረሶች ውስጥ የሚቀሩት ትሎች መድኃኒት የሚገድላቸው ስለሆኑ፣ ከተላመዱት ጋር እየተዳቀሉ የመላመዱን ፍጥነት ይቀንሳሉ። ልጆቹ ያኔ ቆጠራቸው ለምን እንደሚጠቅም ገባቸው።

ትሎቹን ይዘን የተመለስነው በአልኮል ነው፤ ፎርማሊን ዲኤንኤ ያበላሻል። በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና፣ በጨውና በቀዝቃዛ አልኮል ከአንዱ ትል ዲኤንኤ አወጣን። ነጩ ክር ቲዩቡ ውስጥ ሲንሳፈፍ ክፍሉ በጩኸት ተሞላ።

ይህቺው ልጅ ቀጣዩን ሥራ መራች። ጄንባንክ ከሚባለው ነፃ የመረጃ ቋት የትንንሾቹን ስትሮንጋይሎች ቤታ ቱቡሊን የሚባለውን ፕሮቲን የሚሠራውን ዘረመል አውርደን አተምን፤ መድኃኒት የሚገድላቸውንና የተላመዱትን። ቡድኗ የዲኤንኤውን ፊደላት በባለቀለም እርሳስ ሦስት ሦስት እየከፈለ ጎን ለጎን አነበበ። 200ኛው ቦታ ላይ ሲደርሱ በአንዱ ቲቲሲ፣ በሌላው ቲኤሲ አገኙ። በአንድ ፊደል ለውጥ፣ ከፕሮቲኑ መገንቢያዎች (አሚኖ አሲዶች) አንዱ ፊኒልአላኒን የነበረው ታይሮሲን ይሆናል። በዚህም ቤንዚሚዳዞል የሚባሉት የትል መድኃኒቶች ፕሮቲኑን አጥብቀው መያዝ ያቅታቸዋል። «ቲቸር፣ በቃ ይቺ ብቻ?» አለኝ አንዱ። አዎ፣ እሷ ብቻ ልትበቃ ትችላለች።

ችግርም ነበር። ከሕክምናው ከሁለት ሳምንት በኋላ የሰበሰብናቸው ናሙናዎች በዕረፍቱ ፍሪጁ ስለጠፋ ተበላሹ። የስትሮንጋይል እንቁላል በሙቀት በአንድ ሁለት ቀን ስለሚፈለፈል የሚቆጠር ነገር አልተረፈም። ፍሪጁ የኛ አይደለም፤ አንድ መደርደሪያ በውሰት ነው የያዝነው። ደህና የሚያሳየው ማይክሮስኮፕ አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም ክፍል ሲፈልገው እንለቃለን። ለስፖርት ክበቡ አዲስ መለያ መገዛቱ ተገቢ ነው። የእኛም ጥያቄ ተገቢ ነው።

ዲኤንኤ የሚያባዛውን የፒሲአር ማሽን እየጠየቅን አይደለም። ሐኪሙ የሚሠራበት ቤተ ሙከራ፣ ናሙናችንን በአግባቡ ጠብቀን ከላክን አይቲኤስ-2ውን ሊያነብልን ፈቃደኛ ነው። የሚያስፈልገን ትንሽ ፍሪጅ፣ አንድ ተጨማሪ ማይክሮስኮፕ፣ አልኮልና ክዳን ያላቸው ቲዩቦች ናቸው። ያገለገለም ቢሆን በደስታ እንቀበላለን። መርዳት የምትፈልጉ ወላጆችና የቀድሞ ተማሪዎች በባዮሎጂ ክፍል ልታገኙኝ ትችላላችሁ። የአዲስ አባላት ምዝገባም እዚያው ነው፤ የወላጅ ፈቃድ ወረቀት ይዛችሁ ኑ።