ጭሱ ቢጠፋም ጋዙ አለ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ጅማ ላይ ዝናቡ ሲበረታ መስኮት ይዘጋል፣ የከሰል ምድጃው ሳሎን ይገባል። ቤት ውስጥ አስም ወይም ሲኦፒዲ የሚባለው የቆየ የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው ካለ፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ ቢወስድም ትንፋሹን የሚያከፋው ይህ ነው።

ብዙ ሰው ከሰሉን ውጭ አቀጣጥሎ ጭሱ ሲያልቅ ያስገባል። ጥሩ ነው፣ ግን አይበቃም። ቀይ ፍም ካርቦን ሞኖክሳይድ ማውጣቱን አያቆምም። ጋዙ ሽታም ቀለምም የለው፤ በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል። ላቀች ምድጃም ከሰል ይቆጥባል እንጂ ጋዙን አያስቀርም። ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ደግሞ እዚህ ላይ ያታልላል፤ በጋዙ የተያዘውን ደም ኦክስጅን የያዘ አስመስሎ 97 ወይም 98 ሊያሳይ ይችላል። ከሰል ባለበት ክፍል ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ ወይም ማዞር ከመጣ ቁጥሩን አትመኑ፤ ሰውየውን አውጡት፣ ሐኪም ዘንድ አድርሱት።

ቡናው ይቅር አንልም። ምድጃው በረንዳ ላይ፣ ነፋሱ ጭሱን ከበሩ በሚያርቅበት በኩል ይሁን። ማቀጣጠያው ደረቅ ጭራሮ እንጂ ፌስታል አይሁን። እዚያው ይቆላ፣ ጀበናው እዚያው ይፍላ፤ ሳሎን የሚገቡት ጀበናውና ሲኒው ብቻ ናቸው። የተቆላውን ቡና ለእንግዳ ስታዞሩ ሕመምተኛውን እለፉት። ዕጣንና ሰንደል ቤት ውስጥ አይጨስ፤ ጥሩ የሚሸተው ጢስ ከማይሸተው የተሻለ አይደለም። ቄጤማውም በዚያው ቀን ይጠረግ፣ ከርሞ ይሻግታል። ኦክስጅን የሚጠቀም ሰው ካለ ማንኛውም እሳት ቢያንስ 3 ሜትር ይራቅ።

አቅም ኖሮት የአየር ማጣሪያ የሚገዛ ሰው ሄፓ የሚባለው፣ ደቃቅ ብናኝ የሚይዝ ማጣሪያ ያለው መሆኑን ይይ፤ ኦዞን የሚያመነጨውን አይግዛ፣ ኦዞን ራሱ ሳንባን ያስቆጣል። 4 በ4 ሜትር ሆኖ ቁመቱ 2.8 ለሆነ ክፍል አየሩን በሰዓት 5 ጊዜ ለማጣራት በሰዓት 225 ሜትር ኩብ ገደማ የሚያጣራ ያስፈልጋል። ከዚህ ያነሰው ማጣሪያ መብራቱ በርቶ ይሽከረከራል እንጂ ክፍሉን አያጸዳም። ሄፓ ብናኝ ይይዛል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድን አይዝም። ማጣሪያ አለ ብሎ ከሰል ማስገባት ስለዚህ አደጋ ነው።

መኪና ላይ ብዙ ባለንብረት የሞተሩን የአየር ፊልትሮ ያውቃል፤ የካቢኑን ግን ይረሳል። ካለ፣ በብዙ መኪና ላይ ጋቢና ከተቀመጠው ሰው ፊት ካለው የዕቃ ኪስ ጀርባ ይገኛል። በዓመት አንዴ፣ አቧራ መንገድ ላይ ለሚውል መኪና ከዚያም ቀድሞ ይቀየር። በኮምፕረሰር ማስነፋት ቁጠባ ይመስላል፣ ግን ወረቀቱን ያሳሳውና አቧራው ያልፋል። ሲገጠም የቀስቱ አቅጣጫ ይታይ። ከሲኖትራክ ኋላ ስትሆኑ መስኮቱን ዘግታችሁ የውጭውን አየር የምትዘጋውን፣ የዞረች ቀስት ያለባትን ቁልፍ ተጫኑ፤ ካለፋችሁት በኋላ አጥፉት፣ አለዚያ አየሩ ይታፈናል፣ መስታወቱም ላብ ይይዛል። ማርሚታው የተቀደደ መኪና ውስጥ ግን ቁልፉ አያድንም፤ ጋዙ ከሥር ይገባል፣ መጠገን ብቻ ነው መፍትሔው። መስታወቱ ላይ የሚንጠለጠለው ሽቶም ይውረድ።

ታክሲ ውስጥ ማጨስ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የተከለከለ ነው፤ ሾፌርም ረዳትም ይህን ያስከብሩ። ተሳፋሪዎችም ምች ይመታናል ብላችሁ መስኮቱን ሁሉ አትዝጉ። ታፍኖ በቆየ አየር ጉንፋንም ቲቢም በቀላሉ ይተላለፋል፤ ጉንፋን ደግሞ ለታመመ ሳንባ ሆስፒታል መግቢያ ነው። በግራና በቀኝ ሁለት ሁለት ጣት ያህል ክፍት ይተው፤ ዝናብ ካስገባ በአንድ በኩል።

ከጅማ