ኢንሹራንስ አለኝ ብዬሽ ነበር

እማዬ፣

እንደምን ከረማችሁ? አራት ወር ጠፍቼ አሁን በሰላምታ ላድክምሽ አልልም። ለእህቴ ሠርግ የላክኩት ብር እንደደረሳችሁ ወንድሜ ነገረኝ። ማነሱን አውቃለሁ። «ኢንሹራንስ አለኝ ሲል አልነበር እንዴ?» ማለትሽንም ነገረኝ። እሷ ንግግር እንቅልፍ ነሳችኝ።

አለኝ እኮ! አልዋሸሁሽም። ግን እዚህ ፍሎሪዳ የነፋሱ ኢንሹራንስ ለብቻ፣ የጎርፉ ለብቻ ነው። ያቺን ከሴንት ፒተርስበርግ አጠገብ ለእንግዳ በቀን የማከራያትን ቤት ስገዛ፣ ባንኩ የጎርፍ ኢንሹራንስ ግባ አለኝ፤ ገባሁ። እሱ ግን ለቤቱ ነው። ለዕቃው ሌላ ይከፈላል። እኔ ቆጠብኩ። ባሕሩ እዚህ ደርሶ አያውቅም ሲሉኝ አመንኩ። በ1998 የድሬው ወንዝ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ሰፈር ሲጠርግ ያየሁት እኔ! አቦ፣ ሰው ምን ያህል ይረሳል።

የደመራ ዕለት ማታ ሄለን የምትባል አውሎ ነፋስ ባሕሩን ገፍታ ሳሎን አስገባችው። ስሟ የጎረቤት ልጅ ይመስላል አይደል? አልጋው፣ ሶፋው፣ ልብስ ማጠቢያው ሁሉ ተጣለ። አሁንስ ለዕቃው ልግባ ብል፣ ውሉ የሚጸናው ከ30 ቀን በኋላ ነው አሉኝ። ሚልተን የሚሉት አውሎ ነፋስ ደግሞ ከሄለን በ13ኛው ቀን መጣ። እሱ የከተማውን ስታዲየም ጣሪያ እንኳ ቦጫጭቆታል። ከእኔም ጣሪያ ቆርሶ ሄደ። በነፋሱ ውል ቤቱ የተገመተው 300,000 ዶላር ነው፤ ከዚያ ላይ የመጀመሪያው 2 በመቶ፣ ማለትም 6,000 ዶላር፣ ከራሴ ኪስ ነው። ጥገናው 5,000 ፈጀ። ስለዚህ ሰባራ ሳንቲም አልሰጡኝም። እንግዶቹም ሰረዙ፤ የጎርፉ ኢንሹራንስ የቀረ ኪራይ አይከፍልም።

እኔ ደህና ነኝ። የሌሊት ሥራ የያዝኩት ቀን ስለሚሞቅ ነው። (በጥር! ለድሬ ልጅ! እሺ፣ እሱን ተይው።)

አባባ ግፊታቸውን ተለኩ? ኪኒኑን አንድ ቀን ውጠው አንድ ቀን ይተዋሉ አሉ። ተቆጪልኝ፣ አንቺን ይፈራሉ።

እህቴን ግን ምን ልበላት? ወርቁን እኔ እገዛልሻለሁ ብያት ነበር። ያፈርኩት በእሱ ነው፤ ስልክ ያልደወልኩትም ለዚያ ነው። ሙሽራው የሳቢያን ሰፈር ልጅ ነው አሉ። እንዴት ያለ ነው? ያስቃታል? ከዚራ ሰፈር ዛፎቹ ሥር ፈጢራዬን ነጥቃኝ ስትሮጥ ነው የማስታውሳት። ዛሬ ቬሎ ልትለብስ! ከበሮው ሲመታ ስልኩን ክፈቱልኝ። ቪዲዮ ይቅር፣ ፊቴን እንድታዩት አልፈልግም። ድምፁን ብቻ።

ከጎደለ ተበደሪና ንገሪኝ፤ እስከ ፋሲካ እከፍላለሁ። የአውሎ ነፋሱ ወቅት ግንቦት 24 ይጀምራል። ለዕቃውም ገብቻለሁ፣ ወረቀቱ እጄ ላይ ነው። ካላመንሽ ፎቶ አንስቼ ለወንድሜ እልክለታለሁ፣ ያንብብልሽ።

ልጅሽ