የፕሪዮራት ቀይ ወይን በአልኮል መጠኑ ብቻ አይመዘን

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ስለ እስፔን የወይን ጠጆች በቅርቡ ባወጣችሁት ጽሑፍ ውስጥ የፕሪዮራት ቀይ ወይን ከባድና ቶሎ የሚያሰክር ተብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር መታለፉ አሳዝኖኛል። ከባርሴሎና በስተ ደቡብ ምዕራብ፣ በካታሎኒያ ተራሮች መካከል በሚገኘው በዚያ አካባቢ አራት መከር ወይን በመልቀም ሠርቻለሁ፤ ስለዚህ ያየሁትንና የተማርኩትን ለአንባቢዎቻችሁ ማካፈል ግዴታዬ መስሎ ተሰማኝ።

አልኮሉ ብርቱ መሆኑን አልክድም። 14.5 ወይም 15 በመቶ የሆነ ጠርሙስ እዚያ የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ብርታት ከመሬቱና ከፀሐዩ የመጣ እንጂ ጠማቂው ሆን ብሎ የሚያሳድደው አይደለም።

ኮረብታዎቹ ቀጥ ያሉ ከመሆናቸው የተነሣ በብዙ ቦታ ትራክተር አይወጣም፤ ዛሬም በበቅሎ የሚታረስ ማሳ አለ፤ ዘለላውም በእጅ ተቆርጦ ነው የሚወርደው። ከእግር በታች ያለው ደግሞ አፈር ከሚባል ይልቅ የአገሩ ሰዎች ሊኮሬያ የሚሉት፣ በስስ ንብርብር የሚሰነጠቅና ፀሐይ ሲያርፍበት የሚያብለጨልጭ ጥቁር ድንጋይ ነው። በመጀመሪያው የለቀማ ቀን ድንጋዩ ከሥሬ ሲንሸራተት የያዝኩት የወይን ግንድ ነበር ከመውደቅ ያተረፈኝ፤ ግንዱ ግን ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ሥሩ እርጥበት ፍለጋ በስንጥቆቹ መካከል ብዙ ሜትር ወደ ታች እንደሚወርድ የተረዳሁት ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ድንጋይ ውሃ አይቋጥርም፣ ለምነትም የለውም፤ ስለዚህ ተክሉ በችግር እየኖረ ጥቂት ያፈራል፣ በቁልቁለቱ ላይ ያለ አሮጌ ግንድም ብዙ ጊዜ ከአንድ ኪሎ ግራም ያነሰ ፍሬ ይሰጣል። ፍሬው ትንሽ፣ ቆዳው ወፍራም ይሆናል። ቀለሙም ሆነ ድድን የሚያኮማትረው ታኒን የሚገኘው በአብዛኛው ከቆዳው በመሆኑ፣ ወይኑ ወደ ጥቁር የሚያደላ መልክና አፍን የሚሞላ ጣዕም የሚያገኘው ከዚህ ነው።

የጽሑፋችሁ አዘጋጅ ያላነሡት ትልቁ ነገር ግን ኮምጣጣነቱ ነው። አካባቢው በዋናነት የሚታወቅባቸው ዝርያዎች ጋርናቻና ካሪኜና ይባላሉ። ጋርናቻ ስኳር በብዛት ስለሚያጠራቅም ለወይኑ ሙቀትና ልስላሴ ይሰጠዋል፤ ካሪኜና በአንጻሩ ፍሬው በሚገባ በስሎም ኮምጣጣነቱን አይለቅም። ካሪኜና ለብዙ ዘመን እንደ ተራ ዝርያ ሲናቅ ኖሯል፤ እኔ ግን የፕሪዮራትን ወይን አቁሞ የያዘው እሱ ነው ብዬ አምናለሁ። በዚህ ላይ የሌሊቱ ቅዝቃዜና ጋርቢ የተባለው የባሕር ነፋስ ሲታከሉበት፣ ያን ያህል አልኮል የተሸከመ ወይን አፍ ውስጥ ሳይከብድ ትኩስነቱን ጠብቆ ይወርዳል። መልካም ጠርሙስ ሲከፈት በመጀመሪያ የጥቁር ቼሪና የበለስ ሽታ ይመጣል፤ ቆየት ሲል በማሳው ዳርቻ የሚበቅሉትን ጦስኝና የጥብስ ቅጠል ያስታውሳል፤ በመጨረሻ ዝናብ የነካው የጋለ ድንጋይ የሚመስል ነገር ይቀራል። ሥሩ ድንጋዩን አቅልጦ ስለሚጠጣ ነው የሚሉ አሉ፤ ይህ ትክክል አይደለም። ድንጋዩ ሥራውን የሚሠራው ውሃንና ሙቀትን በመግራት፣ ምርቱንም በማሳነስ ነው።

ታሪኩም ቢሆን ስለ ስካር የሚያወራ አይደለም። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ካርቱዢያን የተባለው የካቶሊክ ማኅበር መነኮሳት በሞንትሳንት ተራራ ግርጌ እስካላ ዴይ የተባለውን ገዳም መሠረቱ፤ ትርጉሙ የእግዚአብሔር መሰላል ማለት ነው። አንድ እረኛ መላእክት በመሰላል ወደ ሰማይ ሲወጡ አየ ይባላል፣ ልክ ያዕቆብ በቤቴል እንዳየው። ፕሪዮራት የሚለው ስምም የመጣው ፕሪዮር ከሚባለው የገዳሙ አለቃ ማዕረግ ነው። እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ1835 መንግሥት ገዳሙን ወረሰ፤ በዚያው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ፊሎክሴራ የተባለው ነፍሳት ተክሉን አጠፋው፤ ሰዎችም መንደሮቹን እየለቀቁ ሄዱ። በ1980ዎቹ የወይን ጠማቂዎቹ እነ ሬኔ ባርቢዬና አልቫሮ ፓላሲዮስ በግራታሎፕስ መንደር ተሰባስበው ሥራ ሲጀምሩ የተረፉት አሮጌ ግንዶች ጥቂት ነበሩ። የ1989 ምርታቸው ግን ዓለም ወደዚያ ቁልቁለት እንዲመለከት አደረገ። ዛሬ በእስፔን የመጨረሻው ከፍተኛ የወይን ደረጃ የተሰጣቸው አካባቢዎች ሪዮሃና ፕሪዮራት ብቻ ናቸው።

ለአገራችን ሰው አንድ ነገር ልጨምር። ጽሑፋችሁ ይህን ወይን ከዶሮ ወጥ ጋር ማቅረብን ይመክራል። በርበሬና ብርቱ አልኮል ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ማቃጠል ያባብሳል፤ የወይኑም መዓዛ ይጠፋል። በርበሬ ያልበዛበት የበግ ጥብስ፣ በተለይም የጥብስ ቅጠል የገባበት፣ እጅግ ይስማማዋል። ወይኑም ቀዝቀዝ ብሎ፣ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሆኖ ቢቀርብ ይመረጣል።

በሚቀጥለው ጊዜ የወይን ዝርዝር ስታወጡ ከአልኮሉ መጠን ጎን የዝርያውን ስምና፣ በጠርሙሱ ላይ ተጽፎ ሲገኝ፣ ፍሬው የበቀለበትን መንደር እንድታክሉልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንባቢያችሁ፣
ከታራጎና፣ እስፔን