የፕሮግራሚንግ ክበብ፦ ዓመቱን ሙሉ ከኤክስፖኔንሻል ጋር

ዘንድሮ ክበባችን ጌም አልሠራም፤ ድረ ገጽም አልሠራም። ዓመቱን ከሞላ ጎደል የጨረስነው በአንድ ፋንክሽን ላይ ነው፤ በኤክስፖኔንሻል፣ ማለትም ኢ (e) የተባለውን ቁጥር፣ 2.718 ገደማ፣ በተሰጠው ፓወር በሚያነሳው። ልጆቹ ምን ሲሠሩ ከረሙ ለምትሉ ወላጆችና መምህራን ይህችን ጽፌያለሁ።

የምንገናኘው በሳምንት አንድ ቀን ከክፍል በኋላ ነው። ኮምፒውተሮቹ ለሁሉም ስለማይበቁ ልጆቹ ሁለት ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት ሆነው ይቀመጣሉ። ኪቦርዱን ያልያዘ ልጅ በወረቀት ያሰላል። ይሄ ልማድ በኋላ በጣም ጠቀመን።

ነገሩ የጀመረው በስህተት ነው። በየሰዓቱ እጥፍ የሚሆን አንድ ባክቴሪያ ከ10 ሰዓት በኋላ ስንት ይደርሳል ብለን ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ አጭር ኮድ ጻፍን። መልሱ 1024 ነው። የአንዱ ልጅ ስክሪን ግን 8 አለ። ኮዱን ሳየው 2^10 ይላል። ብዙ ካልኩሌተር ላይ ይህ ምልክት ፓወር ነው፤ 2ን 10 ጊዜ በራሱ ማባዛት ማለት ነው። ፓይተን ግን ሁለቱን ቁጥሮች በ0 እና በ1 ጽፎ፣ የሚለያዩበትን ቦታ ብቻ 1 ያደርጋል። 2 ማለት 0010፣ 10 ማለት 1010 ነው። የሚለያዩት መጀመሪያው ላይ ብቻ ስለሆነ 1000 ይወጣል፤ እሱም 8 ነው። ለፓወር የሚጻፈው ሁለት ኮከብ ነው፦ 2**10። ልጆቹን ያስደነገጣቸው ማሽኑ ምንም ኤረር አለማውጣቱ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ስክሪን ላይ የወጣን ቁጥር ዝም ብሎ የሚያምን ልጅ አላየሁም።

ቀጥለን ወደ ኢ ሄድን። የሒሳብ ሊቁ ያዕቆብ በርኑሊ በ1683 እ.ኤ.አ. ወለድ እየተደጋገመ ቢታሰብ ገንዘቡ የት ይደርሳል ብሎ ሲመረምር የደረሰበት ቁጥር ነው። 1 ለኤን ተካፍሎ 1 ላይ ይደመርና ድምሩ በኤን ፓወር ይነሳል፦ (1 + 1/ኤን) ፓወር ኤን። ኤን እየጨመረ ሲሄድ ውጤቱ ወደ ኢ ይጠጋል። ልጆቹ ኤንን በ10 እያባዛ የሚሄድ ሉፕ፣ ማለትም ራሱን የሚደጋግም ኮድ፣ ጻፉ። ኤን 10 ሲሆን 2.5937፣ 1000 ሲሆን 2.7169፣ ሚሊዮን ሲሆን 2.71828 ወጣ። ደስ አላቸው። ሉፑን ግን አላቆሙትም። 1 ከ15 ዜሮ ጋር ሲደርስ 3.035 አለ። በ16 ዜሮ ደግሞ ድፍን 1.0።

«ቲቸር፣ ማሽኑ አበደ!»

መልሱን አልነገርኳቸውም። ቅንፉ ውስጥ ያለውን ብቻ ፕሪንት አድርጉት አልኩ። ኮምፒውተሩ የአስርዮሽ ቁጥርን የሚይዘው በ16 አሃዝ ገደማ ነው። የምትደመረው ቁጥር ከዚያ ስታንስ ትዋጣለች፤ 1 እንዳለ ይቀራል። 1 ደግሞ በምንም ፓወር ቢነሳ 1 ነው። ይህን ራሳቸው ሲደርሱበት ክፍሉ ውስጥ የነበረው ጩኸት እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ፓይተን ውስጥ ማት የሚባለው ሞጁል ኢን በተሰጠው ቁጥር ፓወር የሚያነሳ፣ ኤክስፕ የተባለ ዝግጁ ፋንክሽን አለው። 709 ሲሰጡት ይመልሳል፤ 710 ሲሰጡት ቁጥሩ ከአቅሜ በላይ ነው ብሎ ኤረር ያወጣል። ያን ዕለት ሁሉም ድንበሩን ሲፈልግ ዋለ።

በሁለተኛው መንፈቅ ኤክስፕን ራሳችን እንጻፈው አልን። የታወቀው ተከታታይ ድምር አለ፦ ኤክስን ፓወር እያደረጉ በፋክቶሪያል፣ ማለትም ከ1 ጀምሮ በተባዙ ቁጥሮች (1×2×3...)፣ ማካፈልና መደመር። ለ1 እና ለ5 በትክክል ሠራ። ለኔጋቲቭ 20 ግን ከእውነተኛው መልስ ጋር ጨርሶ አልገጠመም። መልሱ 0.00000000206 ገደማ ነው። ኮዱን ደጋግመን አየነው፤ ስህተት የለበትም። የሚደመሩትን ቁጥሮች፣ ተርሞቹን፣ አንድ በአንድ ስናወጣ ትልቆቹ 43 ሚሊዮን ደርሰዋል፤ አንዱ ፖዘቲቭ፣ ቀጣዩ ኔጋቲቭ።

ነገሩን የፈታችው ኪቦርዱን ያልያዘችው ልጅ ናት። ወረቀቷን አምጥታ አሳየችኝ። 43 ሚሊዮን 8 አሃዝ ነው። ከ16ቱ 8ቱን እሱ ከወሰደ ከነጥብ በኋላ የሚተርፈው 8 ገደማ ነው። መልሱ የሚጀምረው ግን 9ኛው ላይ ነው! እና ማሽኑ መልሱን የሚያስቀምጥበት ቦታ አልነበረውም። እኔ በዚህ መልክ አስቤው አላውቅም ነበር። መፍትሔውም ቀላል ሆነ፦ ኢ ፓወር 20ን አስልቶ 1ን ለእሱ ማካፈል። እዚያ ሁሉም ተርም ፖዘቲቭ ስለሆነ የሚጠፋ ነገር የለም።

የመጨረሻዎቹን ሳምንታት የወሰደው አንድ ጥያቄ ነው፦ ታዲያ ፓይተን ራሱ እንዴት ያሰላዋል? ብዙ የሒሳብ ላይብረሪዎች የሚጀምሩት ቁጥሩን በማሳነስ ነው። 20ን በ0.693147፣ ማለትም በ2 ናቹራል ሎጋሪዝም (ኢ በዚህ ፓወር ሲነሳ 2 ይሆናል)፣ ብናካፍለው ወደ 29 ይጠጋል። ከ20 ላይ የ29 እና የ0.693147 ብዜት ሲቀነስ የሚቀረው ኔጋቲቭ 0.1013 ገደማ ነው። ስለዚህ ኢ ፓወር 20 ማለት 2 ፓወር 29 ሲባዛ በኢ ፓወር ኔጋቲቭ 0.1013 ነው። ለትንሿ ቁጥር 14 ተርም ይበቃል። በ2 ፓወር ማባዛት ደግሞ ለኮምፒውተር ምንም አይደለም።

በመጨረሻው ቀን ይህን በ11 መስመር ጻፉት። ስክሪኑ 485165195.4 አለ። ከጎኑ የፓይተንን ኤክስፕ አስኬዱት። እሱም 485165195.4 አለ። አንዱ ልጅ ወዲያው 710ን መሞከር ጀመረ። ኮዱ በክበቡ ፎልደር ውስጥ ተቀምጧል፤ በሚቀጥለው ዓመት ከዚያው እንቀጥላለን።